የኮምፒዩተሮች ሽማግሌ፤ የዶክተር ጆን ፖስቴል ሕይወትና ሥራ

ከደሴ ተነሥቶ በአቀስታ በኩል ወደ ምዕራብ የሚጓዝ መንገደኛ ብርዳማውን የለጋምቦን ደጋ አቋርጦ ከመካነ ሰላም ይደርሳል። የቦረና ወረዳ ዋና ከተማ የሆነችው መካነ ሰላም ከባሕር ወለል ከ2500 ሜትር በላይ ከፍ ብላ የተቀመጠች ናት። ከእርሷ ወዲያ መንገዱ እየተጠማዘዘ ወደ ዓባይ ሸለቆ ይወርድና ወደ ጎጃም ይሻገራል። ዛሬ የመቅደላ አምባ ዩኒቨርሲቲ አንደኛው ግቢ በዚያ ይገኛል። እንዲህ ባለች ከተማ የተመደበ ወጣት ሠራተኛ በመሥሪያ ቤቱ የሚያገኘው ኮምፒዩተር በዊንዶውስ የሚሠራ ሊሆን ይችላል። ከጎኑ የተቀመጠው ጓደኛው ደግሞ ዋጋ የማይከፈልበትን ሊኑክስን መርጦ ይሆናል። ከሌላ ቦታ ተዛውሮ የመጣው ሦስተኛው ሠራተኛ ማኪንቶሽ ይዞ ቢገኝ አያስደንቅም። ሦስቱ መኪናዎች በአንድ ኔትወርክ ተያይዘው የደመወዝ ሠንጠረዡ፣ የእርሻ መሬቱ ዝርዝርና የስብሰባው ቃለ ጉባኤ ከአንዱ ወደ ሌላው ያለ ብዙ ችግር ሲተላለፍ ይውላል።

ነገሩ ቀላል ይመስላል። ዳሩ ግን የኮምፒዩተርን ሥራ የሚመሩት እነዚህ ዋና ፕሮግራሞች፣ ማለት ኦፐሬቲንግ ሲስተም የሚባሉት፣ በብዙ ጥቃቅን ነገር የማይስማሙ ናቸው። ዊንዶውስ በአንድ ተራ ጽሑፍ ውስጥ መሥመር ማለቁን ሲያመለክት ሁለት ምልክት ያኖራል፤ ሊኑክስ ግን አንድ ብቻ። የጥንቱ ማኪንቶሽ ደግሞ ከሁለቱም የተለየ አንድ ምልክት ነበረው። በላቲን ፊደል የተጻፈውን የፋይል ስም ሊኑክስ ትልቁንና ትንሹን ፊደል ለይቶ ሁለት ስም ሲያደርገው፣ ዊንዶውስ በተለመደው አሠራሩ እንደ አንድ ይቆጥረዋል። የእኛ ፊደል ትልቅና ትንሽ ስለሌለው ከዚህኛው ጣጣ ድነናል። ይሁን እንጂ ሠራተኛን በንጉሡ ሠ የጻፈና በእሳቱ ሰ የጻፈ ሁለት ጸሐፊዎች በአንድ የጋራ ማኅደር ውስጥ ሁለት ፋይል ይፈጥራሉ፤ ኮምፒዩተሩም የማንኛውም ዓይነት ቢሆን አንድ ቃል ናቸው ብሎ አያስታርቃቸውም።

ታዲያ ይህን ሁሉ ልዩነት ይዘው እንዴት ይግባባሉ? መልሱን ለማግኘት ከመካነ ሰላም ብዙ መራቅ አያስፈልግም። በዚያው በቦረና አገር በጋስጫ ገዳም የኖሩት አባ ጊዮርጊስ በ15ኛው መቶ ዓመት መጀመሪያ መጽሐፈ ምሥጢርን ደርሰዋል። ያ መጽሐፍ በሌላ ደብር በሌላ ጸሐፊ እጅ ተገልብጦ ሊነበብ የቻለው፣ ብራናው የሚፋቅበትና ቀለሙ የሚበጠበጥበት ዘዴ ከቦታ ቦታ ቢለያይም ፊደሉና አኃዙ የጋራ በመሆኑ ነው። ለኮምፒዩተሮችም እንዲህ ያለ የጋራ ደንብ ያስፈልጋቸው ነበር። ደንቡን የጻፉት ብዙ ሰዎች ናቸው። ነገር ግን ሠላሳ ዓመት ያህል አርሞ፣ ቁጥር ሰጥቶና በመዝገብ አኑሮ ለዓለም ያቆየው አንድ ሰው ነው። እኚህ ሰው ዶክተር ጆናታን ፖስቴል ይባላሉ። ወዳጆቻቸው ጆን እያሉ ይጠሯቸው ነበር። (ከዚህ በታች የሚጠቀሱት ዓመታት፣ በእኛ አቆጣጠር ነው ካላልን በቀር፣ በአውሮፓውያን አቆጣጠር ናቸው።)

ጆናታን ፖስቴል በካሊፎርኒያ ክፍለ ሀገር ከሎስ አንጀለስ አጠገብ በምትገኘው አልታዲና ነሐሴ ወር 1943 ተወለዱ። የሁለተኛ ደረጃ ትምህርታቸውን የተከታተሉት በቫን ናይስ ትምህርት ቤት ነው። ከዚያው ትምህርት ቤት ስቲቭ ክሮከርና ቪንተን ሰርፍ የሚባሉ ሁለት ሌሎች ልጆችም ወጥተዋል። ሦስቱም በኋላ በአንድ ዩኒቨርሲቲ ተገናኝተው በአንድ ሥራ ላይ መዋላቸው ዕድል ነው ከማለት በቀር ሌላ ምክንያት የሚሰጠው አይመስለንም። ፖስቴል በሎስ አንጀለስ ከሚገኘው የካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ በ1966 የመጀመሪያ፣ በ1968 ሁለተኛ ዲግሪያቸውን በምህንድስና ተቀበሉ። ለዶክተርነት ለመማር እዚያው እንዳሉም ለሥራቸው ሁሉ መነሻ የሆነው ነገር ደረሰ።

ይኸውም እንዲህ ነው። የአሜሪካ መከላከያ ሚኒስቴር የምርምር ክፍል ገንዘብ እያወጣ በየዩኒቨርሲቲው ትላልቅ ኮምፒዩተሮችን ያስገዛ ነበር። እያንዳንዱ ዩኒቨርሲቲ የራሱን መኪና ይጠይቃል፤ አንዱ የሠራውን ሌላው ሊጠቀምበት አይችልም። ስለዚህ ክፍሉ መኪናዎቹን በስልክ መሥመር ለማገናኘት አሰበ። የመጀመሪያዎቹ አራት ጣቢያዎች በ1969 ተመረጡ። በሎስ አንጀለስ የነበረው ኮምፒዩተር ሲግማ 7 ነበር። በስታንፎርድ የምርምር ተቋም ኤስ ዲ ኤስ 940፣ በሳንታ ባርባራ የአይ ቢ ኤም 360፣ በዩታ ደግሞ ፒ ዲ ፒ 10 ይሠሩ ነበር። አራት መኪና፣ አራት ኦፐሬቲንግ ሲስተም! አንዱ በአንድ ጊዜ የሚያነሣው የቁጥር ርዝመት 24 ቢት ሲሆን የሁለቱ 32፣ የአንዱ 36 ነበር። ፊደልን በቁጥር የሚተኩበትም ስልት የተለያየ ነበር። የላቲኑ የመጀመሪያ ፊደል ኤ፣ በትልቁ ሲጻፍ፣ አስኪ በሚባለው ስልት 65 ሲሆን አይ ቢ ኤም በሚሠራበት ስልት ግን 193 ነው። ከአንዱ የተላከ ጽሑፍ በሌላው ላይ ትርጉም የሌለው የምልክት ክምር ሆኖ ቢነበብ ምን ያስደንቃል?

ወጣቱ ፖስቴል ፕሮፌሰር ሌናርድ ክላይንሮክ በሚመሩት የሎስ አንጀለሱ የኔትወርክ መለኪያ ክፍል ውስጥ ይሠሩ ነበር። ጥቅምት 29 ቀን 1969 ከዚያ ክፍል ወደ ስታንፎርድ የመጀመሪያው መልእክት ተላከ። ተቀባዩ መኪና ሁለት ፊደል ከተቀበለ በኋላ ሥራውን አቆመ። ከጥቂት ጊዜ በኋላ ግን እንደገና ተሞክሮ ተሳካ።

ሽቦው ከተዘረጋ በኋላ ዋናው ጥያቄ መኪናዎቹ በምን ቋንቋ ይነጋገሩ የሚለው ሆነ። ይህን እንዲወስኑ የተተዉት በአብዛኛው የዩኒቨርሲቲ ተማሪዎች ነበሩ። ትልልቆቹ ሊቃውንት ይመጡና ሥራውን ይረከቡናል ብለው ሲጠብቁ ማንም አልመጣም። ስቲቭ ክሮከር ሚያዝያ 7 ቀን 1969 የመጀመሪያውን ማስታወሻ ጻፈ። ማስታወሻው ትእዛዝ እንዳይመስልና ሌላውን እንዳያስኮርፍ በማሰብም ሐሳብ እንዲሰጥበት የቀረበ የሚል ትሑት ርእስ አወጣለት። ያ ርእስ አር ኤፍ ሲ በሚል አጭር ስም እስከ ዛሬ ይሠራበታል። እነዚህን ማስታወሻዎች መቀበል፣ ማረምና ተራ ቁጥር መስጠት የፖስቴል ድርሻ ሆነ፤ እስኪሞቱም ድረስ ከእጃቸው አልወጣም።

በየመሥሪያ ቤቱ መዝገብ ቤት የሚመደብ ሠራተኛ እንደ ተገፋ የሚቆጠርበት ልማድ አለ። ደብዳቤ ከፍቶ፣ ቁጥር ሰጥቶ፣ በማኅደሩ የሚያኖር ሰው ከውሳኔ ሰጪው ያነሰ ይመስላል። የፖስቴል ሕይወት ግን ይህን ግምት የሚያስተካክል ነው። የሚቀርቡላቸውን ማስታወሻዎች ቃል በቃል ያነቡ ነበር። የማይገባውን ይመልሳሉ፤ የተድበሰበሰውን ያስተካክላሉ፤ አንድ ቃል በሁለት ገጽ ላይ ሁለት ትርጉም ይዞ ቢገኝ አያሳልፉም። ደንቡ ግልጽ ካልሆነ በቶኪዮና በለንደን ያሉ ሁለት ባለሙያዎች ሳይተዋወቁ ሁለት የማይግባቡ ፕሮግራሞችን እንደሚሠሩ ያውቁ ነበርና።

በግንቦት 1972 ፖስቴል ቁጥር 349 የሆነ አጭር ማስታወሻ ጻፉ። በአንድ ኮምፒዩተር ላይ ብዙ አገልግሎት ስለሚሰጥ እያንዳንዱ አገልግሎት የታወቀ የበር ቁጥር ይኑረው አሉ። ቁጥሩንም የሚያድል አንድ ሹም እንዲሾም ጠይቀው፣ ምናልባት እኔ ልሁን የሚል ሐሳብ በቅንፍ ጨመሩ። ቀልድ ይመስል ነበር፤ ግን የተቃወመ አልተገኘም። ከዚያ ወዲህ አዲስ አገልግሎት የሚያዘጋጅ ሁሉ ቁጥር ለመጠየቅ ወደ ፖስቴል ይጽፍ ጀመር። ለፋይል ማስተላለፊያ 21፣ ለኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ 25፣ በኋላም ለድረ ገጽ 80 ተመደበ። ዛሬ በዊንዶውስ ላይ የሚከፈተው የጋራ ማኅደር በ445 ቁጥር በር ይገባል ይወጣል። በመካነ ሰላም ያለው ኮምፒዩተር የጎረቤቱን ማኅደር ሲያንኳኳ የትኛውን በር እንደሚመታ የሚያውቀው ይህ መዝገብ ስላለ ነው።

የፋይል ማስተላለፊያውን ደንብ በሚያዝያ 1971 መጀመሪያ የጻፈው አባይ ቡሻን የሚባል በማሳቹሴትስ የቴክኖሎጂ ተቋም ይማር የነበረ ህንዳዊ ነው። ስሙ ከእኛ ወንዝ ስም ጋር መመሳሰሉ የአጋጣሚ ነገር ነው። ፖስቴል ይህን ደንብ በ1980 እንደገና አዘጋጁት። በጥቅምት 1985 ደግሞ ከረዥም ጊዜ የሥራ ባልደረባቸው ከጆይስ ሬይኖልድስ ጋር ሆነው ቁጥር 959 አድርገው አወጡት፤ የተሟላ መልኩን የያዘው በዚህ ጊዜ ነው። የደንቡን ዋና ሐሳብ ለመረዳት የምህንድስና ዲግሪ አያስፈልግም። አራት ዓይነት ኮምፒዩተር ቢኖርና እያንዳንዱ የሌሎቹን ልማድ በቀጥታ ልማር ቢል 12 አስተርጓሚ ያስፈልጋል። ዓይነቱ ዐሥር ሲሆን አስተርጓሚው 90 ይደርሳል። ሁሉም በመካከል አንድ የጋራ መልክ ቢቀበሉ ግን እያንዳንዱ ከራሱ ልማድ ወደ ጋራው፣ ከጋራውም ወደ ራሱ የሚመልስ ሁለት ብቻ ይበቃዋል፤ ለዐሥሩም 20 ይሆናል። ላኪው መሥመሩን እንደ ፈለገ ቢጨርስ፣ በሽቦው ላይ ሲወጣ ግን በሁለቱ የጋራ ምልክቶች ይጨርሳል። ተቀባዩም እንደ አገሩ ልማድ ይለውጠዋል።

ይህ የሚሠራው ግን ለተራ ጽሑፍ ነው። ፎቶግራፍ ወይም ፕሮግራም በጽሑፍ ደንብ ቢላክ ተቀባዩ መኪና በመካከሉ የሚያገኛቸውን ቁጥሮች የመሥመር ማለቂያ መስለውት ይለውጣቸውና ፋይሉ ይበላሻል። ስለዚህ ደንቡ ጽሑፉን ለብቻ፣ ሳይነካ መተላለፍ ያለበትን ደግሞ ለብቻ ለየ። ብዙ የቢሮ ሠራተኛ ከሌላ ቦታ የመጣለት ፎቶግራፍ አልከፈት ሲለው ኮምፒዩተሩን ወይም ላኪውን ይወቅሳል። ጥፋቱ በዚህ ልዩነት ላይ የተፈጸመ ስሕተት የሆነበት ጊዜ ጥቂት አይደለም።

ፖስቴል የዶክተርነት ማዕርጋቸውን በ1974 አገኙ። በሌሎች የምርምር ቦታዎች ጥቂት ዓመታት ከሠሩ በኋላ በ1977 በደቡብ ካሊፎርኒያ ዩኒቨርሲቲ ሥር ወደሚገኘው የመረጃ ሳይንስ ተቋም ገቡ፤ ከባሕሩ ዳር ማሪና ዴል ሬይ ላይ በነበረው ቢሮ እስከ ዕለተ ሞታቸው ሠሩ። ጢማቸው ረዥም፣ ጫማቸው ክፍት ሰንደል ነበር። በወረቀት ክምር መካከል ተቀምጠው ለደብዳቤ ሁሉ አጭር መልስ ይሰጣሉ። ዕረፍት ሲያገኙ በሲየራ ኔቫዳ ተራሮች ላይ በእግር መጓዝ ይወዱ ነበር። የቦረናን ደጋና የደንቆሮን ጫካ ቢያዩ ኖሮ ሳይመኙት አይቀሩም እንላለን።

በዚያው ተቋም ዳኒ ኮኸን የሚባሉ ሊቅ ነበሩ። ሚያዝያ 1 ቀን 1980 ኮኸን ኮምፒዩተር ሠሪዎች ስለ ቁጥር አጻጻፍ የሚያደርጉትን ክርክር ጆናታን ስዊፍት በጋሊቨር ታሪክ ውስጥ ከተረተው የዕንቁላል ጠብ ጋር አመሳሰሉት። በተረቱ ሁለት አገሮች ዕንቁላል በወፍራሙ ጫፍ ይሰበር ወይስ በቀጭኑ በሚል ይዋጋሉ። በኮምፒዩተሮችም ዘንድ አንዱ ትልቁን የቁጥር ክፍል ያስቀድማል፤ ሌላው ትንሹን። ዐሥራ ሁለትን አንዱ 12፣ ሌላው 21 ብሎ እንደ መጻፍ ያለ ነው። ፖስቴል ባዘጋጁት ደንብ በሽቦው ላይ ትልቁ እንዲቀድም ተወሰነ። በዘመናችን ብዙ የቢሮ ኮምፒዩተሮች በውስጣቸው ትንሹን የሚያስቀድሙ ስለሆኑ፣ የኢንተርኔትን መልእክት ሲልኩና ሲቀበሉ የአድራሻውን ቁጥሮች ይገለብጣሉ።

በ1980 ፖስቴል ባወጡት የግንኙነት ደንብ ውስጥ ስማቸውን ያስጠራ አንድ ምክር አኖሩ። ፕሮግራም ሲልክ ጥንቁቅና ደንብ አክባሪ፣ ሲቀበል ግን የሌላውን ጉድለት የሚታገሥ ይሁን የሚል ነው። በወሎ ሽማግሌዎች ፊት ለዕርቅ የሚቀርቡ ሰዎች ከሚሰሙት ምክር ብዙም አይርቅም። የተለያዩ ሰዎች የሠሯቸው ጅምር ፕሮግራሞች እርስ በርሳቸው ሊሠሩ የቻሉት በዚህ ትዕግሥት ነው። ሆኖም ምክሩ የማይነቀፍ አይደለም። ስሕተትን ሁሉ የሚታገሥ ተቀባይ ላኪውን ሰነፍ ያደርገዋል፤ ለክፉ ሰውም ቀዳዳ ይተዋል። በ2023 በዚያው የማስታወሻ ተራ የወጣው ቁጥር 9413 ይህንኑ ጉዳት በሰፊው ዘርዝሯል። እንደሚመስለን ምክሩ ሁሉም በሚተዋወቅበት ዘመን የተሰጠ ስለሆነ ለዚያ ዘመን ትክክል ነበር።

በመስከረም 1981 የኢንተርኔት መሠረት የሆኑት ደንቦች በፖስቴል አዘጋጅነት ወጡ። በዚያው ዓመት ኅዳር ወር ኔትወርኩ ሁሉ ከአሮጌው ደንብ ወደ አዲሱ የሚሸጋገርበትን ዕቅድ ጻፉ፤ ቀኑም ጥር 1 ቀን 1983 ሆነ። በየጣቢያው ያሉ ሰዎች ግን ቸል አሉ። ስለዚህ በ1982 አጋማሽ አሮጌው ደንብ ለአንድ ቀን፣ በመጸው ደግሞ ለሁለት ቀን ተዘግቶ ያልተዘጋጁት ከግንኙነት ውጭ ሆነው ዋሉ። ትሑቱ ሰው ማስጠንቀቂያም መስጠት ይችሉ ነበር ማለት ነው።

እዚህ ላይ አንድ ነገር መለየት ይገባል። በዛሬው መሥሪያ ቤት አንዱ ኮምፒዩተር የሌላውን ማኅደር እንደ ራሱ ከፍቶ የሚሠራበትን ዘዴ ፖስቴል አልፈጠሩትም። ሰን የተባለው ኩባንያ ኤን ኤፍ ኤስ የሚባለውን በ1984 አዘጋጀ፤ ደንቡም በ1989 በፖስቴል መዝገብ ውስጥ ታትሞ ለሁሉ ተሰጠ። በዊንዶውስ የሚሠራበት ኤስ ኤም ቢ ግን ከአይ ቢ ኤም ተወልዶ በማይክሮሶፍት እጅ ያደገ ሲሆን ዝርዝሩ ለረዥም ጊዜ ለውጭ ሰው በሙሉ አልተገለጠም። በ1991 መጨረሻ በአውስትራሊያ የካንቤራ ተማሪ የነበረው አንድሩ ትሪጅል ሁለት ኮምፒዩተሮች በሽቦ ላይ የሚለዋወጡትን እያዳመጠ ቋንቋቸውን ከጥርጣሬ ወደ እርግጠኝነት አደረሰው። ከዚህም ሳምባ የሚባለው ፕሮግራም ተገኘ። ሊኑክስና ዊንዶውስ በአንድ ቢሮ ማኅደር የሚጋሩት በዚህ ነው። ማይክሮሶፍት ዝርዝሩን ለሳምባ ሰዎች ያስረከበው የአውሮፓ ፍርድ ቤት ከፈረደ በኋላ በታኅሣሥ 2007 ነው። ደንቡ በነጻ ቢታተም ኖሮ ይህ የዐሥራ ስድስት ዓመት ድካም ባላስፈለገ ነበር። የፖስቴል መዝገብ ዋጋ ከሁሉ ይልቅ የሚታየው በዚህ ንጽጽር ነው፤ ከዚያ የሚወስድ ሰው ፈቃድ አይጠይቅም፣ ገንዘብም አይከፍልም።

በሌላ በኩል ደግሞ የጋራ በር የጋራ አደጋም ነው። በግንቦት 2017 ዋናክራይ የተባለው ክፉ ፕሮግራም በዚያው በ445 በር በኩል ገብቶ፣ የቆየውን የኤስ ኤም ቢ ዓይነት ያልዘጉ ኮምፒዩተሮችን ከ150 በሚበልጡ አገሮች ፋይላቸውን ቆለፈባቸው። የፋይል ማስተላለፊያውም አሮጌ ደንብ የይለፍ ቃልን ሳይሸፍን ስለሚልክ ዛሬ በተሻለ ተተክቷል። የቢሮ ማኅደር የምትከፍት ወጣት ሆይ፣ ለማን እንደምትከፍተው ጠይቅ።

ወደ ፖስቴል እንመለስ። ከ1983 ጀምሮ ኮምፒዩተሮች በቁጥር ብቻ ሳይሆን በስም የሚጠሩበት ሥርዓት ሲዘረጋ የአገሮችን መለያ ማደል ወደ እሳቸው መጣ። የትኛው አገር ነው፣ የትኛው አይደለም የሚለው ክርክር ጦርነት የሚያስነሣ መሆኑን አልዘነጉም። ስለዚህ እኔ አልወስንም ብለው የዓለም አቀፉ የደረጃዎች ድርጅት ያወጣውን የሁለት ፊደል ዝርዝር እንዳለ ተቀበሉ። በ1994 ባወጡት ማስታወሻም መለያውን የሚይዝ ሰው የአገሩ ሕዝብ አደራ ተቀባይ እንጂ ባለርስት አለመሆኑን ደነገጉ። የኢትዮጵያ መለያ ኢ ቲ በ1995፣ በእኛ በ1988 ዓ.ም. በዚያ መዝገብ ገባ። በአዲስ አበባ በአፍሪካ ኢኮኖሚ ኮሚሽን ይሠራ የነበረው ፓዲስ የተባለ ክፍል ከዚያ ቀደም ብሎ ኤሌክትሮኒክ ደብዳቤ በስልክ መሥመር ያመላልስ ነበር። ሙሉው የኢንተርኔት አገልግሎት በቴሌኮሙኒኬሽን በኩል የተከፈተው በ1997 መጀመሪያ፣ በእኛ በ1989 ዓ.ም. ነው።

ለእኛ አገር መሥሪያ ቤት ግን ከሁሉ የከበደው ጥያቄ የፊደል ነበር። አስኪ 128 ቦታ ብቻ ሲኖረው የእኛ ፊደል ሠላሳ ሦስቱ በሰባት ሲባዛ 231 ይሆናል፤ ዲቃላዎቹና አኃዙ ሳይቆጠሩ ማለት ነው። የአማርኛ ፕሮግራም ሠሪዎች እያንዳንዳቸው ፊደሉን በገዛ ቁጥራቸው አኖሩት። በአንዱ ፕሮግራም የተጻፈ ደብዳቤ በሌላው ላይ ሲከፈት ሀ ለ የነበረው ጥያቄ ምልክትና ባዶ ሣጥን ሆነ። ሽቦው ትክክል፣ ማኅደሩ ክፍት፣ ደንቡ የተጠበቀ ሆኖ ሳለ ጽሑፉ አይነበብም! በጥር 1998 በፖስቴል አዘጋጅነት የወጣው ቁጥር 2277 የኢንተርኔት ደንብ ሁሉ ዩ ቲ ኤፍ 8 በሚባለው ስልት የዓለምን ፊደላት መሸከም የሚችል እንዲሆን አዘዘ። የግእዝ ፊደል በዩኒኮድ ውስጥ 345 ቦታ አግኝቶ የገባው በመስከረም 1999 ነው። ፖስቴል ያን ጊዜ በሕይወት አልነበሩም።

የመጨረሻዎቹ ዓመታታቸው ጸጥታ የጎደላቸው ነበሩ። ኢንተርኔት የንግድ ዕቃ ሲሆን በስም ምዝገባ የሚገኘው ገንዘብ በዛ። ከ1995 መስከረም ጀምሮ የአሜሪካው ኩባንያ ኔትወርክ ሶሉሽንስ ለአንድ ስም ለሁለት ዓመት 100 ዶላር ያስከፍል ነበር። የመዝገቡ ባለሥልጣን ማነው የሚለው ጥያቄ ጠበቃዎችን፣ ነጋዴዎችንና መንግሥታትን አነሣሣ። ፖስቴልና ጓደኞቻቸው ከዓለም አቀፍ ድርጅቶች ጋር ያዘጋጁት አዲስ ዕቅድ በ1997 ጄኔቭ ላይ ተፈረመ፤ የአሜሪካ መንግሥት ግን አልተቀበለውም። ጥር 28 ቀን 1998 ፖስቴል የኢንተርኔትን ስሞች ዋና ዝርዝር ከሚይዙት ጣቢያዎች ለስምንቱ ጻፉ፤ ዝርዝሩን ከኩባንያው ሳይሆን ከእሳቸው ተቋም ኮምፒዩተር እንዲወስዱ ጠየቁ። ስምንቱም እሺ አሉ። ተጠቃሚው ሕዝብ ምንም አልተሰማውም። በዋሽንግተን ግን ድንጋጤ ሆነ፤ የፕሬዚዳንቱ አማካሪ አይራ ማጋዚነር ነገሩ ወደ ነበረበት እንዲመለስ ጠየቁ። ፖስቴል ሙከራ ነው ብለው በሳምንት ውስጥ መለሱት። ሙከራ ነበር ወይስ ማሳሰቢያ? ጓደኞቻቸው እስከ ዛሬ በዚህ አይስማሙም። ይህ ጸሐፊ እንደሚገምተው፣ ሥልጣናቸው ከየትኛውም የሹመት ደብዳቤ ሳይሆን ከሚያምኗቸው ሰዎች የመጣ መሆኑን አንድ ጊዜ ማየትና ማሳየት ፈልገው ነበር። መንግሥትም ከሁሉ ይልቅ የፈራው ይህንኑ ነው፤ በአንድ ሰው ላይ የተጣለ እምነት ሰውየው ሲሞት ለማን ይወረሳል?

ያም ቀን ሩቅ አልነበረም። የስሞቹንና የቁጥሮቹን መዝገብ የሚረከበው አይካን የተባለው ድርጅት በመስከረም 1998 መጨረሻ ተቋቋመ። ፖስቴልም ዋናው የቴክኒክ ሰው እንዲሆኑ ታስቦ ነበር። ቀደም ሲል በ1991 የታከሙት የልብ በር ግን እንደገና ታመመባቸው። ቀዶ ሕክምና ከተደረገላቸው በኋላ ጥቅምት 16 ቀን 1998 በሎስ አንጀለስ በ55 ዓመታቸው ዐረፉ። የኢንተርኔት ማኅበር በስማቸው ሽልማት አቋቁሞ በ1999 የመጀመሪያውን ለራሳቸው መታሰቢያ ሰጠ። ማስታወሻዎቹን የማረም ሥራ ጆይስ ሬይኖልድስና ቦብ ብሬደን ተረክበው ቀጠሉ። የቫን ናይሱ የትምህርት ቤት ጓደኛ ቪንተን ሰርፍ በዚያው ወር የጻፉት የኀዘን መግለጫም በሟቹ መዝገብ ውስጥ እንደ ሌሎቹ ሁሉ ተራውን ጠብቆ ገባ፤ ቁጥሩም 2468 ነው።